ከዴቢያን 11 ወደ 12፦ ሳይጠየቁ የተለወጡ ኮንፊግ ፋይሎች

ማሽኑ ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ላይ ከፊት ኢንጂንኤክስ (የድር ሰርቨሩ)፣ ከጀርባ ፒኤችፒ 7.4 (የፕሮግራም ቋንቋው) እና ፖስትግሬስ 13 (ዳታቤዙ) የሚሠሩበት፣ ተጠቃሚዎች ሰነድ የሚጭኑበትን ድረ ገጽ የሚያስተናግድ ሰርቨር ነው። በዴቢያን 10 ዘመን ተተክሎ በኋላ ወደ 11 የተሻገረ ነው። ይህቺ የኋላ ታሪክ ወደ ታች ስንወርድ ዋጋ ታስከፍላለች። የዴቢያን 11 መደበኛ የደህንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 አብቅቶ ጥገናው ወደ ረጅም ጊዜ ድጋፍ ቡድኑ ስለተላለፈ፣ ማሽኑን በ2023 ወደ ወጣው ዴቢያን 12 ማሻገር ተወሰነ። ጎኑ ተመሳሳይ የኋላ ታሪክ ያለው፣ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሁለተኛ ማሽን አለ፤ እሱ ተራውን እንዲጠብቅ ተተወ።

ሥራው ሌሊት ተያዘ። መጀመሪያ የዲስኩ ስናፕሾት (የዚያ ቅጽበት ቅጂ) ተወሰደ። በፓኬጅ ምንጭ ዝርዝሩ ላይ «ቡልስአይ» (የዴቢያን 11 መጠሪያ) የሚለው ሁሉ «ቡክዎርም» (የ12 መጠሪያ) ሆነ። ከዚያ «አፕት አፕዴት»፣ ያለ ፓኬጅ ሳያወጣ የሚያሻሽለው «አፕት አፕግሬድ»፣ በመጨረሻም «አፕት ፉል-አፕግሬድ»። ማንም ስክሪን ፊት ተቀምጦ መልስ እንዳይሰጥ ፓኬጆቹን ለሚጭነው ለዲፒኬጂ ሁለት አማራጮች ተሰጡት፦ ፎርስ-ኮንፍዴፍ እና ፎርስ-ኮንፍኦልድ። ትርጉሙ «ግልጽ መልስ ካለ እሱን ውሰድ፣ ከሌለ ያለውን ፋይል አትንካ» ነው። ማጽጃ ተብሎም የማያስፈልጉ ፓኬጆችን የሚያወጣው «አፕት አውቶሪሙቭ»፣ ቅንብራቸውንም ከሚያጠፋው ፐርጅ አማራጩ ጋር ተከተለ። አንድም የስህተት መልእክት ሳይታይ አለቀ፤ ማሽኑ ሪቡት ተደርጎ ተነሣ። ጠዋት ድረ ገጹን የከፈተ ሁሉ ያገኘው 502 (ከጀርባ ያለው ፕሮግራም አልተገኘም የሚል ስህተት) ነበር።

ስለ ሁለቱ አማራጮች አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ምርጫው ራሱ ስህተት አልነበረም። ብዙ ሰው የዴቢያን ፍሮንትኤንድን «ኖንኢንተራክቲቭ» ካደረገ ጥያቄ ሁሉ የሚጠፋ ይመስለዋል። ያ ቅንብር የሚያስቆመው ፓኬጆች ሲጫኑ የሚጠይቁበትን የዴብኮንፍን ጥያቄዎች ነው። ዲፒኬጂ ስለ ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ሲጠይቅ በቀጥታ ከተርሚናሉ ስለሚያነብ በዚያ አይመለስም፤ ወይ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ሲጠብቅ ያድራል፣ ወይ ግብዓቱ የተዘጋ ከሆነ ፓኬጁን በግማሽ ትቶ በስህተት ይወጣል። ስለዚህ ሰው በሌለበት ለሚሠራ አፕግሬድ ሁለቱ አማራጮች ተገቢ ናቸው። ችግሩ የመጣው «ያሉት ፋይሎች አይነኩም ተብሏል፣ እንግዲህ ቅንብሩ እንዳለ ነው» ከሚለው ግምት ነው።

ዲፒኬጂ የሚጠይቀው መቼ ነው?

አንድ ፓኬጅ ኮንፍፋይል ብሎ ያስመዘገበው ፋይል ሲሻሻል ዲፒኬጂ ሦስት ነገሮችን ያወዳድራል፦ ድሮ ከፓኬጁ ጋር የመጣውን፣ አሁን ዲስክ ላይ ያለውን፣ እና አዲሱ ፓኬጅ ይዞት የመጣውን። ውጤቱ አራት መልክ አለው። አስተዳዳሪው ካልነካውና ፓኬጁ ከለወጠው፣ ዝም ብሎ አዲሱን ይጭናል። አስተዳዳሪው ለውጦት ፓኬጁ ካልለወጠው፣ ዝም ብሎ የአስተዳዳሪውን ይተዋል። ሁለቱም ከለወጡት ይጠይቃል። አስተዳዳሪው ፋይሉን አጥፍቶት ፓኬጁ ካልለወጠው ደግሞ ጥፋቱን እንደ ውሳኔ ቆጥሮ መልሶ አይጭነውም፤ «ፋይሉ የት ሄደ?» ብሎ ፓኬጁን ደጋግሞ ለሚጭን ሰው ምስጢሩ ይህ ነው።

ጥያቄው በሚነሣበት ጊዜ «ኤን» ያለ ሰው የራሱ ፋይል ይቀርለታል፣ አዲሱም ጎኑ «.ዲፒኬጂ-ዲስት» የሚል ቅጥያ ይዞ ይቀመጣል። «ዋይ» ያለ ደግሞ አዲሱን ይወስዳል፣ የቀድሞው «.ዲፒኬጂ-ኦልድ» ይሆናል። «ዲ» ልዩነቱን ያሳያል፣ «ዜድ» ሼል ይከፍታል። የኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያ) ሰርቨርንና የፒኤችፒን ዋና ፋይል የመሳሰሉት ግን ኮንፍፋይል አይደሉም፤ ፓኬጁ ሲጫን ከሞዴል ተቀድተው ዩሲኤፍ በተባለ ሌላ መሣሪያ በኩል የሚተዳደሩ ናቸው። የእነሱ ጥያቄ በሌላ መልክ ይመጣል፣ ትርፉም «.ዩሲኤፍ-ዲስት» ይባላል። በሌሎች የሊኑክስ ዓይነቶች ማለትም በሬድ ሃት ቤተሰብ «.አርፒኤም-ኒው» እና «.አርፒኤም-ሴቭ»፣ በአርች ላይ «.ፓክኒው» የሚባሉት የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

ከዚህ ዝርዝር የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው። የሚጠየቀው ከአራቱ መልኮች በአንዱ ብቻ ነው፤ ለዚያም መልስ የሚሰጥ ሰው ቢያንስ ፋይሉ እንዳለ ያውቃል። ይህን ማሽን ያወኩት አራት ብልሽቶች አንዳቸውም በጥያቄ አላለፉም።

አንደኛ፦ የፒኤችፒ ፎልደር

የኢንጂንኤክስ የስህተት ሎግ በግልጽ ጽፎታል። «ፒኤችፒ 7.4-ኤፍፒኤም» የሚል ስም ወዳለው ሶኬት (ፒኤችፒን ከሚያስኬደው ኤፍፒኤም አገልግሎት ጋር የሚገናኝበት ፋይል) ልገናኝ ብል እንዲህ ያለ ፋይል የለም ይላል። ዴቢያን 12 የሚመጣው በፒኤችፒ 8.2 ነው፤ የሶኬቱ ስም ውስጥ የቨርዥን ቁጥሩ ስላለ አዲሱ ሶኬት ሌላ ስም አለው። የድረ ገጹ ኢንጂንኤክስ ፋይል በእጅ የተጻፈ እንጂ የፓኬጅ አይደለም፤ ስለዚህ የሚነካውም፣ ስለሱ የሚጠይቅም የለም።

ጥገናው ፈጣን መስሎ ነበር። ፋይሉን ከመንካት በፊት ቅጂ ይቀመጥ ተብሎ እዚያው «ሳይትስ-ኢነብልድ» ፎልደር ውስጥ «.ባክ» የሚል ቅጥያ ይዞ ተቀዳ፤ ሶኬቱ ተስተካከለ፤ ኢንጂንኤክስ ግን አልነሣም። የዴቢያን ኢንጂንኤክስ ከ«ኮንፍ.ዲ» ፎልደር በ«.ኮንፍ» የሚያልቁትን ብቻ ሲያነብ፣ ከ«ሳይትስ-ኢነብልድ» ግን ያገኘውን ሁሉ ይጠራል። ቅጂውም እንደ ሁለተኛ ድረ ገጽ ተቆጠረና «ዲፎልት ሰርቨር ተደግሟል» ብሎ ቆመ። ይህ ጠባይ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። የሎግ ፋይሎችን የሚያፈራርቀው ሎግሮቴት «.ዲፒኬጂ-ኦልድ» እና መሰሎቹን ለይቶ ይዘላል፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠው ሱዶ በ«ሱዶርስ.ዲ» ውስጥ ነጥብ ያለበትን ስም አያነብም፤ በዴቢያን ላይ በሰዓት የሚሠሩ ሥራዎች የሚቀመጡበት የክሮን ፎልደርም እንዲሁ። ኢንጂንኤክስ ግን አይመርጥም። ቅጂ ከኢቲሲ (የኮንፊግ ፋይሎች ዋና ፎልደር) ውጪ ይቀመጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅጂው ተነሣ፣ ድረ ገጹ ተከፈተ፣ ጉዳዩም የተዘጋ መሰለ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ሁለት ዓይነት ስሞታ መጣ፤ ሰዎች በተጨናነቀበት ሰዓት ገጹ ይንቀራፈፋል፣ ትልልቅ ሰነዶችም አይጫኑም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዴቢያን የፒኤችፒ ኮንፊግ የሚቀመጠው በቨርዥን ቁጥር በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነው፤ 7.4 የራሱ አለው፣ 8.2 የራሱ። አዲሱ ሲጫን ለዲፒኬጂ ፍጹም አዲስ ፓኬጅ ነው፤ የሚያወዳድረው የቀድሞ ፋይል የለውም፣ ስለዚህ ሁሉንም በዲፎልት ይጭናል። በ7.4 ላይ 64 ሜጋባይት የነበረው የፋይል መጫኛ ወሰን ወደ ዲፎልቱ 2 ሜጋባይት ወረደ። የጠቅላላ ጥያቄው ወሰንም ወደ 8 ሜጋባይት። በ«ፑል» ፋይሉ ላይ 40 የነበረው የሠራተኛ ፕሮሰሶች ጣሪያ ወደ 5 ወረደ። ኢንጂንኤክስ በበኩሉ የ64 ሜጋባይት ወሰኑን እንደያዘ ስለቀረ ትልቁን ፋይል ተቀብሎ ያሳልፈዋል፤ የሚጥለው ፒኤችፒ ነው። በኢንጂንኤክስ ሎግ ላይ የ413 (ፋይሉ ከወሰን በላይ ነው የሚል) ስህተት የፈለገ ሰው ምንም ያላገኘው ለዚህ ነው። የፍጥነቱ ችግር ግን በኤፍፒኤም ሎግ ላይ ቁጥሩ ሳይቀር ተጽፏል፤ የፕሮሰሶች ጣሪያ 5 ላይ ተደርሷል፣ ከፍ ማድረግን ያስቡ ይላል። ሎጉን ያነበበው አልነበረም።

«የድሮውን ፎልደር ከፍቶ ማየት ነዋ» የሚል ይኖራል። አልነበረም። አውቶሪሙቭ 7.4ን እንደማያስፈልግ ጥገኛ ቆጥሮ አወጣው፣ ፐርጁ ደግሞ ኮንፊጉን ጠራርጎ ወሰደው። ያለ ፐርጅ ቢሆን ፓኬጁ ወጥቶ ኮንፊጉ ይቀር ነበር፤ ዲፒኬጂ እንዲህ ያለውን ፓኬጅ በዝርዝሩ ላይ «አርሲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ያሳያል። ያዳነው ስናፕሾቱ ነው። ለንባብ ብቻ ተያይዞ የ7.4 ፋይሎች ወጡ።

እዚህ ላይ የሚፈትን አቋራጭ አለ፤ የድሮውን ዋና ፋይል በአዲሱ ላይ መገልበጥ። አይገለበጥም። በ7.4 ፋይል ውስጥ ያሉት መቶዎች መስመሮች አብዛኞቹ የ7.4 ዲፎልቶች እንጂ የአስተዳዳሪው ውሳኔዎች አይደሉም። ፓኬጁ ሞዴል ፋይሉን በ«ዩኤስአር/ሊብ/ፒኤችፒ/7.4» ስር ስለሚያስቀምጥ የተለወጠውን ብቻ በፋይል ማወዳደሪያው በ«ዲፍ» ማውጣት ይቻላል። በዚህ ማሽን የወጡት ስድስት መስመሮች ነበሩ። እነሱም በአዲሱ ዋና ፋይል ላይ ሳይሆን በ«8.2/ኤፍፒኤም/ኮንፍ.ዲ» ስር «99-ሎካል.አይኤንአይ» በሚል አንድ ፋይል ውስጥ ተጻፉ፤ 99 የሆነው በፊደል ቅደም ተከተል መጨረሻ ተነቦ የበላይ እንዲሆን ነው። የትዕዛዝ መስመሩ ፒኤችፒ የራሱ የተለየ ፎልደር አለው። በክሮን የሚሠሩ ስክሪፕቶች የሚያነቡት ያንን ስለሆነ የሰዓት ቀጠናው መስመር እዚያም መግባት ነበረበት። ለፑሉ ደግሞ ዲፎልቱን «ዳብልዩዳብልዩዳብልዩ» ፑል ከማረም ይልቅ በድረ ገጹ ስም የተሰየመ የራሱ ፑል ተጻፈለት፣ ሶኬቱም የቨርዥን ቁጥር የሌለበት ስም ያዘ። በሚቀጥለው አፕግሬድ የኢንጂንኤክስን ፋይል መንካት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፦ ዝም ብሎ የተተካው

የማሽኑን ሎግ በሚጽፈው በአርሲስሎግ ዋና ፋይል ላይ ማንም እጁን አላሳረፈም። ስለዚህ ዲፒኬጂ ከላይ በተጠቀሰው የመጀመሪያ መልክ መሠረት ሳይጠይቅ በአዲሱ ተካው፤ ፎርስ-ኮንፍኦልድም እዚህ ምንም አይለውጥም፣ ምክንያቱም የሚፈርደው ጥያቄ በሚነሣበት ቦታ ብቻ ነው። የዴቢያን 12 ፋይል ሁለት ነገር ይለውጣል። የሎግ መስመሮች የቀን አጻጻፍ ወደ ረጅሙ፣ የሰከንድ ክፍልፋይና የሰዓት ቀጠና ወዳለበት ቅርጽ ይሸጋገራል፤ «መሴጅስ»፣ «ዴመን» እና «ዲበግ» የሚባሉት የሎግ ፋይሎችም መጻፋቸው ይቀራል፣ ይዘታቸው «ሲስሎግ» ውስጥ ስላለ።

በዚህ ማሽን ላይ በየ10 ደቂቃው «መሴጅስ»ን እያነበበ የዲስክ ስህተት የሚፈልግ ስክሪፕት ነበር። ፋይሉ አልጠፋም፤ ማደጉን ብቻ አቆመ። ስክሪፕቱም ይከፍተዋል፣ አዲስ ስህተት አያይም፣ «ደህና ነው» ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደህና ነው አለ። ከአራቱ ብልሽቶች በጣም አስፈሪው ይሄኛው ነው፤ ሌሎቹ ጮኸው ይታወቃሉ።

ሦስተኛ፦ ፋይሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ የተለወጠው

የኤስኤስኤች ሰርቨሩ ፋይል በውሳኔው መሠረት እንዳለ ቀረ። ሆኖም ሌሊት ሌሊት ባክአፕ የሚወስደው አሮጌ መሣሪያ መግባት አቃተው። ዴቢያን 12 ይዞት የመጣው ኦፕንኤስኤስኤች 9.2 ነው። ከ8.8 ጀምሮ በአርኤስኤ ቁልፍ ከአሮጌው የሃሽ ስልት ከኤስኤችኤ-1 ጋር የሚፈረም ፊርማ በዲፎልት አይቀበልም። ቁልፉ ራሱ አልተከለከለም፤ ያው ቁልፍ በአዲሶቹ የኤስኤችኤ-2 ፊርማዎች ይሠራል። እነሱን የማያውቀው ከኦፕንኤስኤስኤች 7.2 በፊት የነበረ ደንበኛ ነው፣ ባክአፑም ከእነዚያ አንዱ ነበር። በኮንፊግ ፋይሉ ላይ ስለዚህ ጉዳይ አንድም መስመር የለም፤ ስላልተጻፈ ዲፎልቱ ይገዛል፣ ዲፎልቱ ደግሞ የሚኖረው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው።

መፍትሔው የደንበኛውን ሶፍትዌር ማሻሻል ነው። እስኪሻሻል ድረስ ግን የድሮው ፊርማ ለሁሉም ሳይሆን ለዚያ አንድ አድራሻ ብቻ «ማች አድሬስ» በሚለው ክፍል ስር ተፈቀደ። ለሁሉም የሚከፍተውን አንድ መስመር ቀድቶ መለጠፍ ይቀላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ መስመር ከገባ በኋላ የሚያወጣው ሰው አይገኝም።

አራተኛው የፖስትግሬስ ነው። ዴቢያን 12 ፖስትግሬስ 15ን ይዞ ይመጣል። 13 አይጠፋም፤ ክላስተር (የዳታቤዞች ስብስብ) እስካለው ድረስ አውቶሪሙቭ እንዳያወጣው የፖስትግሬስ ጋራ ፓኬጅ ለአፕት የሚከለክል ደንብ ያስቀምጣል (ፒኤችፒ እንዲህ ያለ ጠባቂ አለመኖሩ ያሳዝናል)። ስለዚህ 13 በ5432 ፖርት መሥራቱን ይቀጥላል፣ ባዶው 15 በ5433 ይነሣል። አደጋው ማንም ሳያስተውል መቅረቱ ነው፤ 13 በዴቢያን 12 ማከማቻ ውስጥ ስለሌለ ከዚያ በኋላ ጥገና አይመጣለትም። እዚህ ግን ተስተውሎ «የ13ን ኮንፊግ ወደ 15 እንገልብጥ» ተባለ። 15 አልነሣም፤ በዴቢያን የፖስትግሬስ 13 ፋይል ውስጥ ያለውን የጊዜያዊ ስታቲስቲክስ ፎልደር ቅንብር አላውቀውም አለ፣ በ15 ተሰርዟልና። ትክክለኛው መንገድ ባዶውን የ15 ክላስተር በ«ፒጂ-ድሮፕክላስተር» ማጥፋት፣ ከዚያ «ፒጂ-አፕግሬድክላስተር 13 ሜይን» ማለት ነው። መሣሪያው መረጃውን ያሻግራል፣ ኮንፊጉን ይቀዳል፣ የተሰረዙትን ቅንብሮች ይለያል፣ ፖርቱንም ያቀያይራል። ከማጥፋቱ በፊት በ«ፒጂ-ኤልኤስክላስተርስ» የቱ ክላስተር የቱ እንደሆነ ማየት ግዴታ ነው፤ 13 እና 15 አንድ አሃዝ ነው የሚለያቸው።

ሁለተኛው ማሽን

በሁለተኛው ማሽን ላይ አካሄዱ ተቀየረ። ዋናው ለውጥ ፋይል ከፋይል ማወዳደሩ ብቻ ቀርቶ፣ ፕሮግራሞቹ በተግባር የያዙት ቅንብር ከአፕግሬዱ በፊት ወጥቶ እንዲቀመጥና በኋላ እንዲመሳከር መደረጉ ነው። ለዚህ አብዛኞቹ አገልግሎቶች የራሳቸው መሣሪያ አላቸው። የኤስኤስኤች ሰርቨር ፕሮግራም «ኤስኤስኤችዲ» ከትልቁ ቲ አማራጭ (-T) ጋር ያልተጻፉትን ዲፎልቶች ጨምሮ በሥራ ላይ ያለውን ቅንብር በሙሉ ይዘረግፋል። የኤፍፒኤም ፕሮግራም በአይ አማራጭ የፒኤችፒውን፣ በድርብ ትንሿ ቲ ደግሞ የፑሎቹን ያወጣል። በፖስትግሬስ «ፒጂ-ሴቲንግስ» ከሚባለው ሠንጠረዥ ምንጫቸው ዲፎልት ያልሆኑትን መምረጥ ይበቃል። ኢንጂንኤክስም በትልቁ ቲ የሚያነባቸውን ፋይሎች ሁሉ አንድ ላይ ይዘረግፋል፣ ዲፎልቶችን ግን አያሳይም። ከርነሉን በተመለከተ የ«ሲስሲቲኤል» ሙሉ ዝርዝር አለ። እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ ፋይልነት በሌላ ማሽን ላይ ተቀመጡ።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም የኤስኤስኤች ጉዳይ ያሳያል። በፊትና በኋላ የወጡት ሁለት ዝርዝሮች ቢነጻጸሩ፣ የተፈቀዱ የቁልፍ ፊርማዎች መስመር ላይ የድሮው «ኤስኤስኤች-አርኤስኤ» መጥፋቱ በአንድ «ዲፍ» ይታያል። ኮንፊግ ፋይሉን መቶ ጊዜ ቢያነቡት አይታይም። የስም ለውጥ ብቻ የሆኑ ልዩነቶችም ይወጣሉ፤ የዚሁ መስመር ስም ራሱ ከ8.5 ጀምሮ ተቀይሯል። አንድ ጊዜ አይቶ ማለፍ ነው።

ከአፕግሬዱ አንድ ሳምንት በፊት ቆጠራ ተደረገ። መጀመሪያ «ፋይንድ» ኢቲሲ ውስጥ «.ዲፒኬጂ» እና «.ዩሲኤፍ» ቅጥያ ያላቸውን ትርፎች ፈለገ። ከ10 ወደ 11 ሲሻገር የቀሩ ሦስት ፋይሎች ተገኙ፣ አንዱ የኤስኤስኤች ሰርቨሩ «.ዩሲኤፍ-ዲስት» ነው። ሲከፈት ከላይ ዘንድ አንድ መስመር አለው፦ በ«ኤስኤስኤችዲ-ኮንፊግ.ዲ» ፎልደር ያሉትን «.ኮንፍ» ፋይሎች ጨምረህ አንብብ የሚል ትዕዛዝ። ማሽኑ ላይ በሥራ ላይ ያለው ፋይል ግን የዴቢያን 10 ስለሆነ ይህ መስመር የለውም። ፎልደሩ አለ፣ ውስጡ የይለፍ ቃል መግቢያን የሚዘጋ ፋይል ተቀምጧል፣ አንድ ቀንም ግን ተነቦ አያውቅም። በትልቁ ቲ የወጣው ዝርዝር ያንኑ አረጋገጠ፤ በይለፍ ቃል መግባት ክፍት ነበር። ሁልጊዜ «የራሴ ይቅር» ማለት እንዲህ ያለ ዕዳ ያጠራቅማል። ዕዳው የሚታየው ደግሞ ሌላ ሰው አዲሱን መንገድ ተማምኖ ፋይል ሲያስቀምጥ ነው።

ቀጥሎ «ዴብሰምስ» በኢ እና ሲ አማራጮች የተነኩ ኮንፍፋይሎችን ዘረዘረ፤ በዩሲኤፍ የሚተዳደሩትን ስለማያይ ለእነሱ «ዩሲኤፍኪው» ተጨመረ። በጠቅላላው 11 ፋይሎች ወጡ። እያንዳንዱ ላይ ውሳኔ ተሰጠ። ሦስቱ ላይ የነበረው ለውጥ የዛሬ ስንት ዓመት ለሙከራ ተደርጎ የተረሳ ስለነበር ፋይሎቹ ወደ ፓኬጁ መልክ ተመለሱ፤ ያልተነካ ፋይል አያስጠይቅም። አምስቱ ወደ ተጨማሪ ፋይል ተዛወሩ። ከነዚህ አንዱ የ«ሲስሲቲኤል.ኮንፍ» ነው፣ ቅንብሮቹ ወደ «ሲስሲቲኤል.ዲ» ሄዱ። በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ዋናውን ፋይል ሲነሣ ስለማያነበው ይህ ዝውውር ቆይቶም ቢሆን የማይቀር ነበር። የቀሩት ሦስቱ፣ ለምሳሌ የኢንጂንኤክስ ሎግሮቴት ፋይል፣ ተጨማሪ ፋይል የሚቀበሉ ስላልሆኑ በእጅ የሚዋሃዱ ተብለው ተለዩ።

አንድ የሲስተምዲ ዩኒት (አገልግሎት የሚያስነሣ ፋይል) ደግሞ በ«ሊብ» ስር ባለበት በቀጥታ ታርሞ ተገኘ። ያ ፋይል ኮንፍፋይል ስላልሆነ በሚቀጥለው አፕግሬድ ያለ አንዳች ጥያቄ ይጠፋል። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» ኢቲሲ ውስጥ በሚፈጥረው መደረቢያ ተተካ።

ለሦስቱ ውህደት የሚያስፈልገው ሦስተኛው ፋይል፣ ማለትም ድሮ ከፓኬጁ የመጣው ንጹሕ ቅጂ ነው። ዲፒኬጂ የዚያን ፋይል ኤምዲ5 ሃሽ እንጂ ይዘቱን አያስቀምጥም። ስለዚህ የምንጭ ዝርዝሩ ወደ ቡክዎርም ከመቀየሩ በፊት የሦስቱ ፓኬጆች የዴቢያን 11 ፋይሎች በ«አፕት ዳውንሎድ» ወርደው በ«ዲፒኬጂ-ዴብ» ወደ ጎን ተፈቱ። መነሻው፣ የራስ ቅጂውና አዲሱ ሲገኙ «ጊት መርጅ-ፋይል» ሁለቱም ወገን አንድ መስመር ያልነኩበትን ሁሉ በራሱ ያዋህዳል፤ የተጋጨውን ብቻ ምልክት አድርጎ ለሰው ይተዋል። መነሻው ሳይኖር ሁለቱን ብቻ ያወዳደረ ሰው የትኛው መስመር የፓኬጁ ለውጥ፣ የትኛው የራሱ እንደሆነ በግምት ነው የሚፈርደው።

ኢቲሲኪፐር ተጭኖ የኢቲሲ ይዘት ለውጥን በሚመዘግበው በጊት ስር ገባ። አፕት በሠራ ቁጥር በፊትና በኋላ ራሱ ይመዘግባል፣ የፋይል ባለቤትነትንና ፈቃድንም ይይዛል። የይለፍ ቃል ሃሾች የያዘው «ሻዶው» ፋይልም አብሮ ስለሚገባ ይህ ማከማቻ ወደ ሌላ ቦታ አይላክም። ጥቅሙ ዝም ብለው የተተኩትን ማሳየቱ ነው። የዲፒኬጂ ሎግ «ኮንፍፋይል» በሚል ቃል ሲፈተሽ ውሳኔ የተሰጠባቸውን ፋይሎች ይዘረዝራል፤ እንደ አርሲስሎግ ያሉት፣ ውሳኔ ያልጠየቁት፣ በጊት ልዩነት ላይ እንጂ እዚያ አይገኙም።

ከዚያ በማሽኑ ግልባጭ ላይ ልምምድ ተደረገ፣ የጥያቄዎቹ መልሶችም ተጻፉ። በእውነተኛው ቀን አፕግሬዱ የተሠራው በ«ቲመክስ» ውስጥ ሲሆን ግንኙነት ቢቋረጥ እንዳይቆም ነው፤ ሁለተኛ የኤስኤስኤች መስኮትም ክፍት ቆየ። ፎርስ-ኮንፍኦልድ አልተሰጠም፤ ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ስለነበሩ በእጅ ተመለሱ። የኤስኤስኤች ዋና ፋይል አስቀድሞ ወደ ፓኬጁ መልክ ተመልሶ፣ የራሱ አራት መስመሮች ወደ ተጨማሪ ፋይል ሄደው ስለነበር አልጠየቀም። ኤስኤስኤች ለአብዛኛው ቅንብር መጀመሪያ ያገኘውን ዋጋ ይይዛል፣ ጨምረህ አንብብ የሚለው መስመርም ከላይ ነው፤ ስለዚህ ተጨማሪ ፋይሉ የበላይ ይሆናል። የፒኤችፒው 99 ተቃራኒ መሆኑን ልብ ይሏል።

አገልግሎቶቹ ሪስታርት ከመደረጋቸው በፊት ሁሉም በራሳቸው መመርመሪያ አለፉ፦ ኤስኤስኤችዲ፣ ኢንጂንኤክስና ኤፍፒኤም በትንሿ ቲ፣ አርሲስሎግ በትልቁ ኤን 1፣ ሱዶ በ«ቪሱዶ» ሲ። እነዚህ የሚመረምሩት አጻጻፍን ነው፤ 2 ሜጋባይት ትክክለኛ አጻጻፍ ነው። ስለዚህ ተከትሎ የቅንብር ዝርዝሮቹ እንደገና ወጥተው ከቀድሞዎቹ ጋር ተነጻጸሩ። የፒኤችፒው ልዩነት ብዙ ገጽ ነበር፣ አብዛኛው የቨርዥን ነው፤ ስድስቱ መስመሮች ግን ዋጋቸው እንዳለ ተገኘ። ከኢቲሲኪፐር ልዩነት የአርሲስሎግ ለውጥ ወጣና ስክሪፕቱ «ሲስሎግ»ን እንዲያነብ፣ አዲሱን የቀን ቅርጽም እንዲረዳ ተስተካከለ። የተሠራው ማስተካከያ መሥራቱን ለማየትም «ሎገር» በሚባለው ትዕዛዝ አንድ የሐሰት የዲስክ ስህተት ተጻፈ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ማስጠንቀቂያው መጣ።

አውቶሪሙቭ ያን ቀን አልተሠራም። የ7.4 ፎልደርና የ13 ክላስተር ሁለት ሳምንት ቆዩ፤ ስሞታ ሳይመጣ ሲያልፍ የ13 ክላስተር ተጣለ፣ «አርሲ» የሚሉት ፓኬጆች በ«አፕት ሊስት» ከነስማቸው ታይተው አንድ በአንድ ፐርጅ ተደረጉ። በዲፒኬጂ መዝገብ «ኦብሶሊት» የተባሉ አራት ኮንፍፋይሎችም ተገኙ። አዲሱ ፓኬጅ የተዋቸው ነገር ግን ዲስክ ላይ የቀሩ ናቸው፤ አንዱ በክሮን ፎልደር ውስጥ ስለነበረ ፕሮግራሙ የሌለውን ሥራ በየሌሊቱ እየሞከረ ነበር። እሱም ወጣ። የመጨረሻው «ፋይንድ» ኢቲሲ ውስጥ ምንም ትርፍ ፋይል ሳያገኝ ተመለሰ።